ስለ ቅድመ ማጉያና ስለ ኃይል ማጉያ መስማማት
(በማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቮልት ነው። ንግግሬን የምጀምረው ግን ከገንዘብ ነው። ባለፈው ዓመት በሙዚቃ ክፍላችን ካሉት ሁለት ስፒከሮች የአንደኛው ትዊተር፣ ማለት ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክፍል፣ መቃጠሏን ታስታውሳላችሁ። በዚያን ዕለት ተረኛ የነበረው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ «ቁልፉን ከሲሶ በላይ አላዞርኩም» ሲል መለሰ። አላመንነውም። ከኮሚቴው አባሎች አንዱ ተነሥቶ፣ «ማጉያው መቶ ዋት ነው፤ ሲሶው ሠላሳ ሦስት ዋት ቢሆን ነው፤ ስፒከሩ ደግሞ ስድሳ ዋት ይችላል፤ ስለዚህ ይኸ ልጅ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮታል» ብሎ ተከራከረ። ስሌቱ ያማረ ስለ መሰለን ሁላችንም ተስማማን። ልጁም ቤተሰቡ ከሚልክለት ላይ ቀንሶ የትዊተሯን ዋጋ ከፈለ።

ያ የተከራከረው የኮሚቴ አባል እኔ ነኝ። ስሌቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሕተት ነበረ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይኸንን በቁጥር ላሳያችሁ ነው። እግረ መንገዴንም፣ አዲስ የኃይል ማጉያ ለመግዛት መዋጮ እንዲሰበሰብ ባለፈው ወር ስለ ወሰንነው ውሳኔ የምለው አለኝ፤ ለዚያም ውሳኔ እጄን ካወጡት አንዱ ነበርኩና።

በቅድሚያ የዕቃዎቹን ሥራ ባጭሩ ልናገር። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ታገሡኝ። የሙዚቃው ምንጭ ሲዲ ማጫወቻ፣ ስልክ ወይም የሸክላ ማጫወቻ ሊሆን ይችላል። ከምንጩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ስፒከር ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ስለዚህ በሁለት ደረጃ ይጎላል። የመጀመሪያው ቅድመ ማጉያ ይባላል፤ ምንጭ የሚመረጥበት፣ የድምፁ ቁልፍም የሚገኝበት እሱ ነው። ሁለተኛው የኃይል ማጉያ ነው፤ እሱ ቁልፍ የለውም፤ የሰጡትን ሁሉ በአንድ በተወሰነ እጥፍ አብዝቶ ለስፒከሩ ያቀብላል። በኃይል ማጉያ ጀርባ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ «0.5 ቮልት ለ100 ዋት» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ትርጉሙ፣ መግቢያዬ ላይ ግማሽ ቮልት ከሰጣችሁኝ ኃይሌን ሁሉ አወጣለሁ፤ ከዚያ በላይ ብትሰጡኝ ግን የምጨምርላችሁ ነገር የለኝም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህችን መሥመር አያነባትም። ዋቱን ያነባል፤ ዋጋውን ያነባል፤ ስለ መግቢያው ቮልት ግን አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ነገሩ ጠጅ ከጋን በቀጥታ ወደ ብርሌ ለመቅዳት እንደ መሞከር ነው። ጋኑም ደኅና ጋን ነው፤ ብርሌውም ደኅና ብርሌ ነው፤ ነገር ግን ጋኑን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ጠጁ ጠረጴዛውን ያጥባል።

አሁን ወደ ክፍላችን ልግባ። ቅድመ ማጉያችን ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የማኅበራችን አባል በእጁ የሠራው ባለ ቫልቭ ዕቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ከፍቼ ስላየሁት እመሰክራለሁ። የመጣለትን ምልክት አሥር እጥፍ ያጎላል። ለምን አሥር እጥፍ? በዚያ ጊዜ ክፍሉ የነበረው የኃይል ማጉያ አንድ ቮልት ተኩል ያህል የሚፈልግ የቫልቭ ማጉያ ነበረ፤ ምንጮቹም የሚሰጡት ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ብቻ ነበር። 150 ሚሊቮልት በአሥር ሲባዛ አንድ ተኩል ቮልት ይሆናል። ሠሪው ልክ ነበር። በኋላ ያ ማጉያ ሞተ፤ በምትኩ 0.5 ቮልት የሚበቃው የመቶ ዋት የትራንዚስተር ማጉያ በስጦታ መጣልን። ምንጩም ሲዲ ማጫወቻ ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ ብቻውን ሲታይ ማሻሻያ ነበረ። ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ የተመለከተ ሰው ግን አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሐንቲንግደን በምትባል ከተማ የፒተር ዎከር ኩባንያ የሠራቸውን የኳድ ማጉያዎች እንመልከት። በ1953 (በአውሮጳ አቆጣጠር) የወጣው ኳድ 2 የተባለው የቫልቭ ማጉያ 15 ዋት ለማውጣት 1.4 ቮልት ይፈልግ ነበር። በ1959 የወጣው ኳድ 22 ቅድመ ማጉያ ለዚሁ የተሠራ ነው። በ1967 ኩባንያው ወደ ትራንዚስተር ተሻገረና ኳድ 33ን ከኳድ 303 ጋር አወጣ፤ በዚህ ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚተላለፈው ልክ 0.5 ቮልት ሆነ። በ1975 የመጣው የ100 ዋቱ 405ም በዚሁ በ0.5 ቮልት ቀጠለ። ጥንድ ጥንዱ በልክ የተሰፋ ልብስ ነው። አሁን አንድ ሰው አሮጌውን ኳድ 2 ወድዶ ከኳድ 33 ጋር ቢያገናኘው ምን ይሆናል? 0.5ን ለ1.4 ስናካፍል 0.36 ያህል ይመጣል። ኃይል ደግሞ ከቮልት ጋር እኩል አይሄድም፤ ከቮልት ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ 0.36 በ0.36 ሲባዛ 0.13 ነው። ስለዚህ 33ቱ የተመደበለትን ልክ ሲሰጥ ከ15 ዋቱ የሚወጣው 2 ዋት እንኳ አይሞላም። ባለቤቱም «አሮጌው ማጉያ ደክሟል» ይላል። ማጉያው ግን አልደከመም፤ ርቦታል እንጂ።

የኛው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የኛው ጠግቦ ታሟል። ሲዲ ማጫወቻ በ1982 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ ከፍተኛ መውጫው 2 ቮልት ሆኖ ነው፤ ይኸው ልክ ከዚያ ወዲህ በአብዛኞቹ ማጫወቻዎች ጸንቶ ቆይቷል። ቁጥሮቹን እንደምራቸው። ሁለት ቮልት በአሥር ሲባዛ ሃያ ቮልት ነው። የኃይል ማጉያው የሚፈልገው ግማሽ ቮልት ነው። አርባ እጥፍ ትርፍ አለን ማለት ነው። ይህን አርባ እጥፍ ትርፍ መልሶ የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የድምፁ ቁልፍ ነው።

ቁልፉም እንደምናስበው አይደለም። ሲሶ ሲዞር ሲሶ አይሰጥም። ጆሯችን ድምፅን የሚመዝነው በእጥፍ እንጂ በድምር ስላልሆነ፣ የድምፅ ቁልፎች በመጀመሪያው ግማሽ ዙር በጣም ቀስ ብለው፣ በሁለተኛው ግማሽ ግን በፍጥነት እንዲከፈቱ ተደርገው ይሠራሉ። የኛውን በመልቲሜትር ለካሁት። (መለካት የምትፈልጉ 400 ኸርዝ የሆነ ወጥ ድምፅ አጫውታችሁ ለኩ፤ ተራ መልቲሜትር ከፍ ባሉት ድምፆች ላይ ይዋሻል።) ግማሽ ዙር ላይ ቁልፋችን የሚያሳልፈው ከመጣለት አንድ አሥረኛውን ነው። ከዚያ በታች እንደ ዙሩ መጠን ይቀንሳል።

እንግዲህ ስሌቱን እንሥራ። ቁልፉ ከሙሉ ዙሩ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ቢዞር ከመቶ ሁለት ተኩል ያሳልፋል። የሲዲው 2 ቮልት 0.05 ቮልት ይሆናል፤ በአሥር ሲጎላ 0.5 ቮልት። መቶ ዋት ሞላ! ቁልፉ ገና ጣት ያረፈበት እንኳ አይመስልም። ሲሶ ሲዞር ደግሞ ከመቶ 6.7 ያህል ያሳልፋል፤ ይኸም 1.33 ቮልት ሆኖ ኃይል ማጉያው መግቢያ ላይ ይደርሳል። ከሚፈልገው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ማጉያው የማዕበሉን ጫፍና ሥር ይቆርጠዋል። ጫፉ የተቆረጠ ማዕበል ደግሞ በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ አማካይ ኃይሉ ከንጹሑ ማዕበል እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ከመቆረጡም የተነሣ ሙዚቃው ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ እነዚያም ቀጥታ የሚሄዱት ወደ ትዊተሯ ነው።

በዚያ ዕለት ምን እንደ ተጫወተ ልጁን እንደገና ጠየቅሁት። በመጀመሪያ የተጫወተው በዝግታ የተቀረጸ የቆየ የክራር ሙዚቃ ነበረ። ክፍሉ በሰው ተሞልቶ፣ ወሬው ደምቆ ስለ ነበር «አይሰማም፣ ጨምር» አሉት፤ ጨመረ። ቁልፉ ሲሶ ላይ ደረሰ፤ የክራሩም ድምፅ ደኅና ሆነ። ቀጥሎ የገባው ሲዲ ግን አሁን አሁን እንደሚደረገው እስከ ጣሪያው ተሞልቶ የተቀረጸ ነበረ። ልጁ ቁልፉን አልነካም። ምልክቱ ግን አሥር እጥፍ ያህል አድጎ መጣ። ትዊተሯም እስከዚያው ነው የኖረችው። እኔ «ሲሶ ዙር ሲሶ ዋት ነው» ብዬ ስከራከር እውነቱን የተናገረው ልጁ ነበር።

ቁልፍ የቆመበት ቦታ የማጉያን ኃይል አያሳይም። ብዙዎቻችን «የኛ ማጉያ ኃይለኛ ነው፤ ገና ሲነኩት ይጮሃል» እያልን ስንመካ የሰነበትነው በስሕተታችን ነበር።

የስፒከሩን ነገር እዚህ ላይ ትቼ ሁለተኛውን ሕመም ላንሣ። በኅዳር ወር ስለ በገና የተደረገውን ምሽት ያላችሁበት ታስታውሱታላችሁ። በእንግድነት የመጡት አዛውንት የበገና መምህር ቀረጻውን በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ በገናውስ በገና ነው፤ ይኸ ከኋላው የሚነፍሰው ነፋስ ግን የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን አንዱ ደፈር ብሎ «አባባ፣ የበገናው የራሱ እዝዝታ ነው» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ። «የበገናው እዝዝታ ከእንዚራው ነው» አሉና፣ በየአውታሩ ሥር የምትገባውን ያችን ቁራጭ ቆዳ በጣታቸው አሳዩን። «እንዚራው አውታሩ ሲመታ ከአውታሩ ጋር ይጀምራል፤ ከአውታሩ ጋር ያልቃል። የናንተ ነፋስ ግን አውታርም ሳይመታ ይነፍሳል።»

እኛ ወደ አራት ዓመት ኤሌክትሪክ ስንማር ቆይተን ያላየነውን ምልክት እሳቸው በአንድ ምሽት ነገሩን። ሙዚቃው ቢጨምርም ቢቀንስም የማይለወጥ ድምፅ ከሙዚቃው ጋር የመጣ አይደለም። በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ሄድኩና ቁልፉን ዜሮ ላይ አደረግሁት። ጀበና ሊገነፍል ሲል የሚያሰማው ዓይነት ሽሽ የሚለው ድምፅ አልቀነሰም። ስለዚህ የሚወለደው ከቁልፉ በኋላ ነው። ማጉያውን አጠፋሁና ከቅድመ ማጉያው የሚመጣውን ሽቦ ነቅዬ፣ መግቢያውን ከመሬት ጋር አገናኝቼ መልሼ አበራሁት። ጸጥ! እንግዲህ ልንጥለው የወሰንነው የኃይል ማጉያ ጤነኛ ነው። ድምፁ የሚወለደው በቅድመ ማጉያው ውስጥ ከቁልፉ ቀጥሎ ባለው ቫልቭ ነው።

ነገር ግን ቅድመ ማጉያውም በሽተኛ አልነበረም። መውጫው ላይ የሽሽታው መጠን 0.2 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ ለዚያ ዓይነት ዕቃ ይኸ የሚያሳፍር አይደለም። ጥፋቱ የመጣው ከማባዛት ነው። የኃይል ማጉያው 100 ዋት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ሲያወጣ ቮልቱ 28.3 ነው፤ ይኸን ለ0.5 ብናካፍል 56 እጥፍ ተኩል ያህል ያጎላል ማለት ነው። 0.2 ሚሊቮልት በዚህ ሲባዛ 11 ሚሊቮልት ይሆናል። የኛ ስፒከር 2.83 ቮልት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ 11 ሚሊቮልት 42 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይኸ ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ በገና ሲጫወትማ እንዴት አይሰማ!

ሦስተኛው ሕመም የግራና የቀኝ አለመመጣጠን ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የተሠሩ ሁለት የካርቦን ቁልፎች ከግማሽ በላይ ሲዞሩ ተቀራራቢ ናቸው፤ ገና ሲከፈቱ ግን አንዱ ከሌላው ይቀድማል። በተለመደው የማዳመጫ ቦታችን ላይ ስለካ በቀኝ በኩል 16፣ በግራ በኩል 9 ሚሊቮልት አገኘሁ። ዘፋኙ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ በኩል የሚቆመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በኮሚቴው ውስጥ ሦስት ሐሳቦች ቀርበው ነበር።

አንደኛው የመምህራኖቻችንን ትምህርት በተሳሳተ ቦታ ላይ የሚያውል ነው። «የመውጫው ኢምፒዳንስ ከመግቢያው ጋር እኩል ይሁን፤ ያን ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ይተላለፋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሕጉን ያኮቢ በ1840 ያወጣው ሲሆን ለረጅም የስልክ መሥመርና ለአንቴና ያገለግላል። በ1939 የአሜሪካ የስልክና የራዲዮ መሐንዲሶች ለድምፅ መለኪያ 600 ኦም ላይ አንድ ሚሊዋትን መነሻ አድርገው የተስማሙት ከዚያው ከስልክ መሥመር ልማድ ነው። በቤት ውስጥ ግን ከቅድመ ማጉያ ወደ ኃይል ማጉያ የምናስተላልፈው ኃይል አይደለም፤ ቮልት ነው። እዚህ ላይ መውጫው አነስተኛ፣ መግቢያው ቢያንስ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ኢምፒዳንስ ሊኖረው ይገባል። እኩል ብናደርጋቸው ግማሹ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቫልቩም ያለ ልኩ ሸክም ይሸከማል። «መስማማት» የሚለው ቃል ሁላችንንም ያሳሳተን ይመስለኛል። ለዚህ ንግግርም ርእስ አድርጌው ስላስቀመጥኩ ይቅርታ።

ሁለተኛው ሐሳብ የኃይል ማጉያውን ከፍቶ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ምልክት ጨምሮ የሚያጎላበትን እጥፍ መቀነስ ነው። ይኸ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሃሮልድ ብላክ በ1927 ካገኘው ከዚህ ዘዴ ጋር ናይኵስት በ1932 ያስጠነቀቀው ነገር አብሮ ይመጣል፤ የሚመለሰው ምልክት ሲበዛ ማጉያው በማይሰማ ከፍተኛ ድግግሞሽ ራሱን በራሱ ማወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ጆሯችን ሳይሰማ ሁለተኛዋ ትዊተር ትከተላለች። ልምድ የሌለን ሰዎች የማጉያውን ሆድ ባንነካ ይሻላል። የቅድመ ማጉያውን ሆድማ ጭራሽ፤ እዚያ ውስጥ ከ250 ቮልት በላይ አለ፤ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ለብዙ ጊዜ ይዘውት ይቆያሉ።

ሦስተኛው እኔ ያደረግሁት ነው፤ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ሁለት ሬዚስተር ማስገባት። አንዱ በመንገዱ ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ከመንገዱ ወደ መሬት ይወርዳል። ቮልቱ በሁለቱ መካከል እንደ መጠናቸው ይከፋፈላል። የሁለቱም ጎን አራት ሬዚስተር ከነመሰኪያዎቹ በሁለት ማኪያቶ ዋጋ ተገኘ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከሸፈ፤ ለናንተ ይጠቅማልና ልንገራችሁ። 9.1 ኪሎኦምና 1 ኪሎኦም አደረግሁ። ሽሽታው ጠፋ፤ ደስ አለኝ። ጓደኞቼን ጠርቼ አንድ የከበሮ ቀረጻ ባሰማቸው፣ ከበሮው ቆርቆሮ የሚመታ መሰለ። «ነፋሱን አባርረህ ከበሮውን አብረህ ገደልከው» አሉኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቫልቭ ቅድመ ማጉያው መውጫ ላይ 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። የኃይል ማጉያው መግቢያ 100 ኪሎኦም በነበረ ጊዜ ይኸ ካፓሲተር ድምፅ መቁረጥ የሚጀምረው ከ7 ኸርዝ አካባቢ ነበር፤ ያንን ማንም አይሰማም። የኔ ማካፈያ ግን ሸክሙን ወደ 10 ኪሎኦም አወረደው፤ መቁረጫውም ወደ 72 ኸርዝ ወጣ። የከበሮው ልብ ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ በ47 ኪሎኦምና በ4.7 ኪሎኦም ለወጥኋቸው። አሁን ቅድመ ማጉያው የሚያየው ሸክም 51 ኪሎኦም ተኩል ያህል ነው፤ መቁረጫው 14 ኸርዝ ላይ ቆመ። ከበሮው ተመለሰ። ቮልቱ የሚቀንሰው አሥራ አንድ እጥፍ ተኩል ያህል፣ ማለት 21 ዴሲቤል ነው። ከ42 ዴሲቤል ላይ 21 ሲቀነስ ሽሽታው 21 ዴሲቤል ይሆናል፤ ከክፍላችን የራሱ ጸጥታ በታች ነው። «እንግዲያውስ 470 ኪሎኦምና 47 ኪሎኦም ቢሆን ይበልጥ አይሻልምን?» የሚል አይጠፋም። አይሻልም። ሬዚስተር ሲተልቅ፣ ጆንሰንና ናይኵስት በ1928 እንዳሳዩት፣ ከሙቀት የተነሣ የራሱን ሽሽታ ይወልዳል፤ ከዚህም በቀር ከሽቦው የኤሌክትሪክ አቅም ጋር ተጋግዞ ቀጫጭኑን ድምፅ መብላት ይጀምራል። በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለው መንገድ ይኸው ነው።

ማካፈያው የሚቀመጠው ኃይል ማጉያው አጠገብ እንጂ ቅድመ ማጉያው አጠገብ አይደለም። ሽቦው ከመብራት መሥመር በመንገድ ላይ የሚለቅመውን እምምታ ጭምር አብሮ ይቀንሰዋልና። ሬዚስተሮቹን በሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ቆርቆሮውን ከመሬት ጋር አገናኝቼዋለሁ። መልኩ አያምርም፤ ሽታውንም ለማስለቀቅ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤዋለሁ።

አሁን ሲዲው ማጉያውን የሚሞላው ቁልፉ ከሙሉ ዙሩ ስድሳ በመቶ ሲደርስ ነው። ግማሽ ቮልት የሚሰጥ ስልክ ደግሞ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ 0.43 ቮልት ያደርሳል፤ 75 ዋት ያህል ነው፤ ለክፍላችን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ግራና ቀኝ ተስተካክለዋል፤ ዘፋኙ ከመስኮቱ ወደ መካከል መጥቷል። የሚቀር አንድ አደጋ አለ፤ ሲዲ ገብቶ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ አሁንም ማጉያው ከልኩ በላይ ይገፋል። ይኸን ከቁልፉ አጠገብ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ።

ትናንት ሁለት ጓደኞቻችን ሰምተውት «ድምፁ ደከመ» አሉ። ቁልፉን በድሮው ቦታ ላይ አቁመው ነው የሰሙት። ከፍ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ስለዚህ ስታወዳድሩ ጆሯችሁን ሳይሆን መልቲሜትሩን እመኑ፤ የስፒከሩን ቮልት በሁለቱም ጊዜ እኩል አድርጋችሁ ከዚያ ፍረዱ። በሚመጣው ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ማካፈያውን እያስገባሁና እያወጣሁ ያንኑ የበገና ቀረጻ አሰማለሁ። አዛውንቱ መምህርም እንደሚመጡ ልከውልኛል።

ኮሚቴውን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ለአዲስ ማጉያ የተጀመረው መዋጮ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ እንዲቆም ነው። ሁለተኛው፣ ለትዊተሯ የተከፈለው ገንዘብ ለልጁ እንዲመለስለትና በመዝገባችን ላይ «በአጠቃቀም ጉድለት» ተብሎ ከስሙ አጠገብ የተጻፈው እንዲሰረዝ ነው። ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ስለ ሆንኩ፣ ስሰርዘውም እኔው እንድፈርም ይፈቀድልኝ። መዝገቡን ይዤ መጥቻለሁ።